የዳህላክ ደሴቶች ነዋሪዎች፤ እንግዶችና ባለገንዘቦች

በዳህላክ ከቢር መንደር አጠገብ ወዳለው ጠፍጣፋ መሬት የደረሰ ሰው አስቀድሞ ዐይኑን የሚስበው በድንጋዩ ውስጥ ተፈልፍለው የተሠሩት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጕድጓዶች ናቸው። የደሴቱ ሰዎች የእነዚህን ጕድጓዶች ቍጥር 365 ነው ይላሉ፤ ይኸውም ለዓመቱ ቀን ሁሉ አንዳንድ ጕድጓድ እንዲደርስ ነው። ይህ ቍጥር ከቈጠራ ይልቅ ከአፈ ታሪክ የመጣ ይመስላል። ቢሆንም ነገሩን እንደ ተረት ቈጥሮ ማለፍ አይገባም። ምንጭና ወንዝ በሌለበት አገር ዓመቱን በጕድጓድ የቈጠረ ሕዝብ፤ የኑሮው መሠረት ምን እንደ ሆነ በአንድ ቃል ተናግሯል።

ስለ ዳህላክ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ ከባሕሩ በወጣው ሀብት ላይ ያተኰረ ነው። የኤሊ ቅርፊት፤ ሉል፤ ዐረቦች ሰደፍ የሚሉት አንጸባራቂ ዛጎል፤ በመጨረሻም ነዳጅ ዘይት፤ እነዚህ ሁሉ ከሩቅ አገር ሰው ጠርተው አምጥተዋል። ነገር ግን ደሴቶቹ ሰው የሚኖርባቸው አገር ሆነው የለሙበትን ዘመንና የተራቈቱበትን ዘመን ለይቶ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ከሉሉ ይልቅ ጕድጓዱን ቢከተል ይሻለዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ደሴቶቹ ከምጽዋ ወደብ በስተ ምሥራቅ በቀይ ባሕር ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። ቍጥራቸው ከመቶ በላይ ሲሆን ሰው ዘወትር የሚኖርባቸው ግን በጣት የሚቈጠሩት ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ዋናዎቹ ዳህላክ ከቢር፤ ኖራና ድሒል ናቸው። መሬታቸው ጥንት ከባሕር በታች የነበረ የዛጎልና የኮራል ድንጋይ ስለ ሆነ ዝቅተኛና ደረቅ ነው። ዝናብ የሚጥለው ደጋው በጋ በሆነበት ወራት፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ እርሱም ጥቂት ነው፤ በአንዳንድ ዓመት ጨርሶ ይቀራል። ከግንቦት ጀምሮ የሚመጣው ሙቀት ደግሞ ለደገኛ ሰው የሚቻል አይደለም። ነዋሪዎቹ እስላሞች ናቸው፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ፍየልና ግመል ያረባሉ፤ ከምጽዋና ከየመን ባሕር ዳርቻ ጋር በጀልባ ይነግዳሉ። ቋንቋቸው ዳሃሊክ ይባላል፤ ከትግሬ ቋንቋ ጋር ቅርብ ዝምድና ያለው ሴማዊ ቋንቋ ነው። ሊቃውንት ይህን ቋንቋ ለብቻው የቆመ መሆኑን ያስታወቁት በ1990ዎቹ ነው። ለ1300 ዓመት ያህል በዐረብኛ መጻሕፍት ስሙ የተጠራ አገር የገዛ አፉ ሳይመረመር እስከዚያ ዘመን መቈየቱ፤ የሚጐበኙት ሰዎች በምን ነገር ሲደክሙ እንደ ነበር ያሳያል።

የደሴቶቹ ስም በጥንት ጽሑፍ የሚገኘው በመጀመሪያው መቶ ዓመት አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ በጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ ውስጥ ነው። ያ ጸሐፊ ስለ አዱሊስ ወደብ ሲናገር፤ በቀኝ በኩል በባሕሩ ውስጥ አላላዩ የሚባሉ ብዙ ጥቃቅንና አሸዋማ ደሴቶች እንዳሉ፤ ዓሣ በሊታ የሚላቸው ሰዎችም ከዚያ የኤሊ ቅርፊት ወደ አዱሊስ ገበያ እንደሚያመጡ ይተርካል። አላላዩ የተባሉት የዳህላክ ደሴቶች እንደ ሆኑ ሊቃውንት ይስማማሉ። ከዚህ አጭር ቃል የሚታየው ሥርዐት በኋላ ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ነው፤ ደሴቱ ዕቃውን ይሰጣል፤ ገበያው፤ ዋጋውና ትርፉ ግን በየብስ ዳር ባለው ወደብ ይቀራል።

በ702 ከሐበሻ በኩል የተነሡ መርከበኞች የመካን ወደብ ጅዳን ወረሩ። የኡመያ ኸሊፋዎችም ይህን ለመመለስ በዳህላክ ላይ እጃቸውን ጣሉ። ከዚያም በኋላ ደሴቱ ለእነርሱ የግዞት ስፍራ ሆነ። ወደዚያ ከተላኩት ሰዎች ስሙ ገናና የሆነው በግጥሙ የታወቀው የመዲና ሰው አል-አሕወስ ነው፤ በ8ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቅጣት ወደ ዳህላክ ተግዟል። ለደማስቆ ባለ ሥልጣኖች ዳህላክ ሰው ሄዶ የማይመለስበት፤ ሙቀቱና ጥማቱ ለብቻቸው እስር ቤት የሆኑበት ቦታ ነበረ። ይህ ሐሳብ ከ1100 ዓመት በላይ ቈይቶ በሌላ መንግሥት እጅ እንደገና ሥራ ላይ ውሏል፤ ወደ ኋላ ይነገራል።

ከ10ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተገኘው ማስረጃ ግን ከዚህ ስም ጋር አይስማማም። በዳህላክ ከቢር ሰፊ የመቃብር ቦታ አለ፤ በዚያም ከ200 በላይ ጽሑፍ ያለባቸው የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ጽሑፉ በኩፊና ከእርሱ በኋላ በመጣው የዐረብኛ አጻጻፍ የተቀረጸ ነው፤ ዘመኑም ከ10ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እስከ 1540 ገደማ ይደርሳል። ብዙዎቹ ጽሑፎች የተቀረጹት በጥቍር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ድንጋይ በኮራል ደሴት አይገኝምና ከሌላ ስፍራ በመርከብ የመጣ መሆን አለበት። የቀራጮቹ እጅ የሠለጠነ ነው። የሟቾቹም ስም ከነመጠሪያው ሲመረመር ከሩቅ አገር መጥተው በዚያ የተቀመጡ ሰዎች እንደ ነበሩ ይገልጻል። እነዚህ ሰዎች በደሴቱ ቤት ሠርተው፤ ልጅ ወልደው፤ እዚያው ተቀብረዋል፤ ለሙታናቸውም ውድ ድንጋይ አስመጥተዋል። ከጽሑፎቹ አንዱ በ1093 የሞተውን ሱልጣን አል-ሙባረክን ያነሣል፤ ከዚህም የተነሣ በ11ኛው መቶ ዓመት ዳህላክ ራሱን የቻለ ሱልጣን እንደ ነበረው ይታወቃል።

ይህ መንግሥት በምን ይኖር ነበር ቢባል መልሱ በመንገድ ነው። ከግብፅ ወደ ዐደንና ወደ ህንድ የሚሄዱ መርከቦች በዳህላክ በኩል ያልፉ ነበር፤ በካይሮ በአንድ ምኵራብ ዕቃ ቤት ተከማችተው የተገኙት የአይሁድ ነጋዴዎች ወረቀቶችም ዳህላክን ከመንገዱ ማረፊያዎች አንዱ አድርገው ይጠቅሱታል። ሱልጣኑ ከሚያልፈው ዕቃ ቀረጥ ይቀበላል፤ መርከበኛው ውሃ ይቀዳል። ደሴቱ የስደተኛ መጠጊያም ነበረ። በየመን በዘቢድ ከተማ መንግሥት የመሠረተው ነጃሕ በትውልዱ ሐበሻ የሆነ ባሪያ የነበረ ሰው ነው፤ እርሱ በ1060 ገደማ ከሞተ በኋላ ልጆቹ ሰዒድና ጀያሽ ከጠላቶቻቸው ሸሽተው በዳህላክ ተቀመጡ፤ ኀይላቸውንም አሰባስበው ወደ ዘቢድ ተመልሰው አባታቸው የነበረውን ዙፋን ያዙ።

እንግዲህ ጕድጓዶቹ ሊታሰቡ የሚገባቸው ከዚህ ዘመን ጋር ነው። በአካባቢው ያለው አፈ ታሪክ የሠሯቸው ፉርስ፤ ማለት የፋርስ ሰዎች ናቸው ይላል፤ ይህም ወሬ በቀይ ባሕር ዳርቻ ባሉ በሌሎች ፍርስራሾችም ላይ ይነገራል። የመጀመሪያውን ጕድጓድ ማንም ይቈፍረው፤ የጕድጓዶቹ ብዛትና የከተማው ስፋት ግን የሚስማማው ከሱልጣኖቹ ዘመን ጋር ነው። አሠራራቸው ብልኅነት አለበት። ድንጋዩ ለስላሳ ስለ ሆነ በመሣሪያ ይፈለፈላል፤ ነገር ግን ውሃ ያሰርጋልና ውስጡ በምርጊት መለሰን ያስፈልገዋል። በዙሪያው ያለው መሬት ጐርፉን ወደ አፉ እንዲመራ ሆኖ ይስተካከላል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ሥራው አላለቀም፤ ጐርፉ ከውሃው ጋር አፈር ይዞ ይገባል፤ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፤ ፍየል አፉን ያረክሰዋል። በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት ካልተጠረገ ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ ተደፍኖ ጕድጓድነቱ ይጠፋል።

ስለዚህ አንድ ጕድጓድ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ብዙ ነገር ይመሰክራል። ለጠራጊው የሚከፈል እህል በደሴቱ አለ ማለት ነው፤ ሰነፉን የሚያስገድድና ተራ የሚያስይዝ ዳኛ አለ ማለት ነው፤ ከሁሉም በላይ በሚመጣው ዓመት እዚያው ለመኖር ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው። በደሴቱ የዋለ ገንዘብ በደሴቱ የቀረው በዚህ መልክ ነበር።

የደጋው መንግሥት ከዳህላክ ጋር የነበረው ግንኙነት አንድ ጊዜ ንግድ፤ አንድ ጊዜ ጦር ነበረ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) በባሕር ነጋሹ በኩል ሥልጣናቸውን እስከ ባሕሩ ጠረፍ አጸኑ፤ በምጽዋ አንጻርም ገራር በሚባል ስፍራ ወደብ አቋቋሙ፤ በ1460ዎቹም ወታደሮቻቸው ምጽዋንና ዳህላክን መቱ። ከዚያ በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት ፖርቱጋሎች መጡ። በ1526 አባ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የነበሩባቸውን መልእክተኞች ከምጽዋ ለመውሰድ የመጣው ኤክቶር ዳ ሲልቬይራ የዳህላክን ሱልጣን ግብር አስገበረው። በ1557 ደግሞ ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። ቱርኮች ሹማቸውን፤ ጦራቸውንና የቀረጥ ቤታቸውን በምጽዋ ስላደረጉ ዳህላክ ከመንገዱ ወጣ። ምጽዋም ብትሆን ደሴት ናት፤ ውሃም የላትም፤ ነገር ግን ከየብሱ እጅግ ቅርብ በመሆኗ ከሕርጊጎና ከእምኩሉ ውሃ ተሸክመው የሚያመጡላት ሰዎች ነበሩ። ዳህላክ እንዲህ ያለ ጎረቤት አልነበረውም።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ወደ ምጽዋ ሲመጣ በዳህላክ አልፏል። ጕድጓዶቹን ከ300 በላይ አድርጎ ቈጥሯቸዋል፤ ነገር ግን ከጥቂቶቹ በቀር ቸል ተብለው ተበላሽተው ነበር፤ በእነዚያ በጥቂቶቹ ያለውም ውሃ በከብት የረከሰ ነበር። ሕዝቡንም በብርቱ ድህነት ውስጥ አገኘው። ብሩስ ለማጋነን ያደላል እየተባለ ብዙ ጊዜ ይወቀሳል፤ በዚህ ነገር ግን ቃሉን የሚያስጠረጥር ምክንያት የለም። ከመንገዱ የወጣ ደሴት ጠራጊውን የሚቀልብበት እህል ከየት ያመጣል?

በ19ኛው መቶ ዓመት የሉል ገበያ በሞቀ ጊዜ ገንዘብ እንደገና ወደ ዳህላክ ዐይኑን መለሰ። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። በምጽዋ የተቀመጠው ነጋዴ፤ ብዙውን ጊዜ ዐረብ ወይም ባንያን የሚባል የህንድ ሰው፤ ባሕሩ ጸጥ የሚልበት ወራት ከመድረሱ በፊት ናኹዳ ለሚባለው ለጀልባው አለቃ ገንዘብ፤ ማሽላ፤ ሩዝ፤ ተምርና ጨርቅ ያበድራል። ናኹዳውም ከተቀበለው ከፍሎ ለጠላቂዎቹ ያበድራል። ጠላቂው በሰንቡቁ ወደ ዓሣ መንጋውና ወደ ዛጎሉ ስፍራ ሄዶ፤ ሁሪ በምትባል ትንሽ ታንኳ ላይ ሆኖ፤ ከታቹ መስታወት በተገጠመለት ቈርቈሮ የባሕሩን ወለል እያየ፤ ዛጎሉን ሲያገኝ ትንፋሹን ይዞ ይጠልቃል። በወራቱ ፍጻሜ የተገኘው ሉልና ሰደፍ ተሸጦ ዕዳው ይከፈላል። ሻጩ ባለዕዳ፤ ገዥው አበዳሪ በሆነበት ገበያ ዋጋውን ማን እንደሚቈርጥ መናገር አያሻም። ዕዳው ሳይከፈል የቀረበት ጠላቂ ለሚመጣው ዓመት ለዚያው ናኹዳ መጥለቅ ይኖርበታል። ከጠላቂዎቹም ብዙዎቹ ከአፍሪካ ውስጥ የመጡ ባሪያዎች ወይም ከባርነት የወጡ ሰዎች ስለ ነበሩ፤ ለእነርሱ ከባርነት ወደ ዕዳ መሻገር ትልቅ ለውጥ አልነበረም።

በዚህ ንግድ በደሴቶቹ ሳይቀር ሀብታም የሆኑ ሰዎች መኖራቸው አይካድም። ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬ በ1931 ባሳተመው የቀይ ባሕር ምስጢሮች በተባለው መጽሐፉ በዳህላክ የሚኖር አንድ ባለጸጋ የሉል ነጋዴን ይተርካል። የትርፉ ዋና ክፍል ግን ሉሉን ተከትሎ ወደ ቦምቤይና ወደ ፓሪስ፤ ሰደፉን ተከትሎ ወደ ትሪየስተና በአውሮፓ ወዳሉ የቍልፍ ፋብሪካዎች ሄደ። በምጽዋ የቆሙት የነጋዴ ቤቶች ከዚሁ ትርፍ ድርሻ አላቸው። ሁለት ኀይሎችም ይህን ንግድ አጠፉት፤ በ1930ዎቹ ጃፓኖች በሰው ጥበብ ያረቡት ሉል ከዓለም የገንዘብ ችግር ጋር ተባብሮ የሉሉን ዋጋ ጣለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የፕላስቲክ ቍልፍ የሰደፉን ገበያ ወሰደ። አበዳሪዎቹ ገንዘባቸውን ወደ ሌላ ንግድ አዞሩ። የደሴቱ ሰዎች ወደ ዓሣቸውና ወደ ፍየላቸው ተመለሱ፤ ብዙ ወጣትም ሥራ ፍለጋ ወደ ምጽዋና ወደ ዐረብ አገር ወጣ።

ኢጣልያኖች ምጽዋን በ1885 ከያዙ በኋላ ለዳህላክ ያገኙለት የመጀመሪያ ጥቅም የኡመያ ሰዎች ያገኙለት ነበር። በዳህላክ ከቢር መካከል ገብቶ ያለው ጥልቅ የባሕር ገንዳ በሚከፈትበት በር ላይ ኖክራ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በዚያች ደሴት በ1880ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው እስር ቤት እስከ 1941 ቈየ። በመጀመሪያ ኤርትራውያን ባላባቶችና ገበሬዎች፤ ከ1936 በኋላም ለወራሪው አልገዛም ያሉ ኢትዮጵያውያን ወደዚያ ተጋዙ። እስረኞቹ በድንጋይ ማውጣት ሥራ ይደክሙ ነበር፤ ውሃ በልክ ይሰጣቸው ነበር፤ በሙቀት፤ በረኃብና በበሽታም ብዙዎች አለቁ። ከደጋ የመጣ ሰው በነሐሴ ወር በኖክራ ድንጋይ ላይ መዋል ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት የሕክምና መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። ለሰማዕታቱ በአዲስ አበባ ሐውልት ቆሟል፤ የኖክራ ሙታን ስም ግን እንደ አሮጌዎቹ የዳህላክ ሟቾች በድንጋይ አልተቀረጸም።

በዚያው ዘመን፤ ከ1936 እስከ 1940፤ አጂፕ የተባለው የኢጣልያ የነዳጅ ኩባንያ በዳህላክ ከቢር ላይ ጕድጓድ ማስቈፈር ጀመረ። መሣሪያውም፤ ምግቡም፤ ውሃውም ከውጭ ይመጣ ነበር። ቆፋሪዎቹ ወደ ታች በወረዱ ቍጥር ያገኙት ወፍራም የጨው ድንጋይ ነበር። ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ሳይገኝ ጦርነቱ ሥራውን አቋረጠው። ከዚያ በኋላም በ1960ዎቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች፤ በ1990ዎቹም አናዳርኮ የተባለው ሌላ ኩባንያ በዚሁ ባሕር ፍለጋውን ቀጠሉ፤ የአናዳርኮ ጕድጓዶችም ደረቅ ሆነው ተተዉ። በአንድ ደሴት ላይ ሁለት ዐይነት ጕድጓድ ተቈፍሯል፤ አንዱ ከሰማይ የሚወርደውን ለመቀበል፤ ሌላው ከምድር በታች ያለውን ለመሳብ። ሁለተኛው ዐይነት ሰውን አንድ ቀን እንኳ አላጠጣም።

ለመዋኘትና ለመመራመር የመጡት እንግዶች በዚህ ረገድ ቀላሎቹ ናቸው። በ1952 እና በ1953 በብሩኖ ቫይላቲ መሪነት የመጡ ኢጣልያውያን ጠላቂዎች በዳህላክ ባሕር ውስጥ ተዘዋወሩ፤ ከመካከላቸው ፎልኮ ኪሊቺ ያነሣው ፊልም ደሴቶቹን በአውሮፓ አስታወቀ። በ1962 እና በ1965 የእስራኤል ሊቃውንት እንተዕደቢር በተባለችው ደሴት ሰፍረው የዓሣውንና የኮራሉን ዐይነት መዘገቡ፤ ሥራቸውም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የእነዚህ ሁሉ ዐይን ከውሃው ወለል በታች ነበረ።

ሶማልያ በ1977 ሶቪየቶችን ካስወጣች በኋላ የሶቪየት ባሕር ኀይል በኖክራ የመርከብ መጠገኛ ሠራ፤ እስከ 1991ም በዚያ ቈየ። በደሴቲቱ የዛገው ብረትና ባዶው ሕንፃ ከኢጣልያኖቹ የእስር ቤት ፍርስራሽ ጋር ጐን ለጐን ቀርቷል። ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ ደሴቶቹን የጐብኚ መዝናኛ የማድረግ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ በዳህላክ ከቢርም ሆቴል ተሠርቷል። ሊጐበኝ የሚሻ ግን በምጽዋ ፈቃድ ማውጣት፤ በውድ ዋጋ ጀልባ መከራየት፤ የሚጠጣውንም ውሃ ይዞ መሄድ ነበረበት።

ለዚህ ዐይነቱ ሐሳብ የሚቀርበው መከራከሪያ የታወቀ ነው፤ ጐብኚ ገንዘብ ያመጣል፤ ገንዘብ ሥራ ይፈጥራል ይባላል። ይህ በራሱ ሐሰት አይደለም። የዳህላክ ታሪክ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ማታ የት ያድራል የሚል ነው። በሱልጣኖቹ ዘመን ቀረጡ በደሴቱ ስላደረ ጕድጓዱ ተጠረገ፤ በሉሉ ዘመን ትርፉ በምጽዋና በቦምቤይ ስላደረ ጕድጓዱ ተደፈነ። ለጥቂት እንግዶች ከባሕር ውሃ ጨውን የሚለይ ሞተር ከሚተከል ይልቅ በመንደሩ አጠገብ ያሉት ሃምሳ አሮጌ ጕድጓዶች ተጠርገው ቢመረጉ የሚበልጥ ጥቅም እንደሚሰጥ የሚያምን ባለገንዘብ እስካሁን አልተገኘም፤ ትርፉም ለእርሱ አይደለምና አይፈረድበትም።

ከአሮጌዎቹ ጕድጓዶች ጥቂቶቹ ዛሬም ከዝናብ በኋላ ውሃ ይይዛሉ። የመቃብር ድንጋዮቹ ነገር ከዚህ ይለያል። ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የመጡ መርከበኞች፤ ባለ ሥልጣኖችና ሰብሳቢዎች አንዳንዱን ድንጋይ እያነሡ ወስደዋል፤ ዛሬ ከዳህላክ ሙታን ጽሑፎች ከፊሉ በካይሮ፤ በኢጣልያ አገር በሞዴናና በትሬቪዞ፤ በፈረንሳይ አገር ባር-ለ-ዲውክ በምትባል ትንሽ ከተማ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ሊቃውንት የእያንዳንዱን ሟች ስም፤ የአባቱን ስምና የሞተበትን ቀን አንብበው አሳትመዋል። ድንጋዩ በየትኛው መቃብር ራስ ላይ ቆሞ እንደ ነበር ግን ለብዙዎቹ ከእንግዲህ ሊታወቅ አይችልም።